የሄደው ዩኤስዲቲ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው፦ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከፉሪ። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ የተሰረቀ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፤ አብዛኛውም ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተያያዘው ዩኤስዲቲ ነው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች። በርቀት ሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት 1,840 ዩኤስዲቲ ስልኬ ዋሌት (የክሪፕቶ መያዣ አፕ) ላይ ነበር፤ በትሮን ኔትወርክ። «ነፃ ኮይን ይቀበሉ» የሚል ሊንክ ከፍቼ ዋሌቱን የሚከፍቱትን 12 ሚስጥራዊ ቃላት አስገባሁ። ጠዋት ስነሳ ባዶ ነው። የትሮን ዝውውሮች በሚታዩበት ድረ ገጽ፣ ትሮንስካን ላይ ሳየው ገንዘቡ ሌሊት ወጥቷል፤ ከ11 ደቂቃ በኋላ ከሌላ ገንዘብ ጋር 6,215 ሆኖ ወደ ሦስተኛ አድራሻ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ። ወንድሜ «የክሪፕቶ ሌባ አይገኝም፣ እርምሽን አውጪ» ይለኛል። እውነት ነው? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ወንድምዎ ግማሹን ልክ ናቸው። ዱካውን ማግኘት ሌላ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ሌላ ነው። ዝውውሩ ሁሉ ብሎክቼይን በሚባለው ይፋዊ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ማየት ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። መመለሱ ግን ቁልፉን በያዘው ሰው ወይም ገንዘቡን ማገድ በሚችል ድርጅት እጅ ነው። ስለዚህ ፍለጋዎ አንድ ግብ ብቻ ይኑረው፦ ዱካው ማገድ የሚችል ድርጅት ደጃፍ እስኪደርስ መከተል።

ከዚያ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። 12ቱ ቃላት የአንድ ኮይን ቁልፍ አይደሉም። የትሮኑም፣ የኢቴሬሙም፣ የቢትኮይኑም አድራሻዎ ከእነሱ ነው የሚወጣው። የተረፈ ነገር ካለ አዲስ ቃላት ወዳለው አዲስ ዋሌት ዛሬውኑ ያዛውሩ። የይለፍ ቃል መቀየር ወይም አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አይጠቅምም። ባዶው ዋሌት ላይ ለማንቀሳቀሻ ብለው ቲአርኤክስ (ለትሮን ዝውውር ክፍያ የሚውለውን ኮይን) ቢልኩ ደግሞ ሌባው የተከለው ፕሮግራም በሰከንዶች ውስጥ ይጠርገዋል።

ቃላቱን ሳይሰጡ «አፕሩቭ» የሚለውን፣ ማለትም ሌላ አድራሻ ገንዘባቸውን እንዲያንቀሳቅስ የሚፈቅደውን፣ ተጭነው ብቻ ለተዘረፉ አንባቢዎች ነገሩ ይለያል። ግብይቱን ትሮንስካን ላይ ከፍተው ያስጀመረው አድራሻ የማን እንደሆነ ይዩ። የራሳችሁ አድራሻ ካስጀመረውና እናንተ ካልላካችሁት ቃላቱ ተሰርቀዋል። ገንዘቡ ከእናንተ ወጥቶ ያስጀመረው ግን ሌላ አድራሻ ከሆነ የተሰረቀው ፈቃድ ነው፤ ያንን ፈቃድ እዚያው ትሮንስካን ላይ መሰረዝ ይቻላል። ካልተሰረዘ ወደፊት የሚገባውንም ይወስደዋል።

ወደ ዱካው እንመለስ። እያንዳንዱ ዝውውር 64 ሆሄና ቁጥር ያለው ሃሽ የሚባል መለያ አለው። አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ዝውውር ሃሹን፣ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ያስፍሩ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤክስቼንጆች (ክሪፕቶ የሚገዛባቸውና የሚሸጥባቸው ድርጅቶች) የሚሠሩት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ፣ ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማል፣ በዚያ ላይ እኛ የምንቆጥረው ከ12 ሰዓት ጀምረን ነው። ዘዴው፦ ከዩቲሲው 3 ይቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ይጨምሩ። ማክሰኞ 23፡20 ዩቲሲ የተባለው ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8፡20 ነው። ቀኑም እንደተቀየረ ልብ ይበሉ፤ አቤቱታ ላይ «ረቡዕ ሌሊት» ብቻ ተጽፎ ኤክስቼንጁ «በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ዝውውር የለም» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ብሮውዘሩ ሰዓቱን በአገር ውስጥ አቆጣጠር ሊያሳይዎት ስለሚችል የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይገልብጡ።

1,840ው ከሌላ ገንዘብ ጋር ስለተቀላቀለ አይደናገጡ። ከሁለት ጆንያ አንድ ላይ የተገለበጠ ጤፍ የማን ፍሬ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ይህም እንደዚያው ነው። «1,840 ገባ፣ በ11 ደቂቃው 6,215 ወጣ» ብለው እንዳለ ይጻፉ፣ ከዚያ በትልልቆቹ ቅርንጫፎች ሁሉ ይሂዱ። ቀሪው 4,375 በአብዛኛው እንደ እርስዎ ከተዘረፉ ሰዎች የመጣ ይሆናል። ወደዚያ አድራሻ ያስገቡትን መቁጠር አይሰልችዎት፤ ብዙ ተጎጂ ያለበት መዝገብ ከብቸኛ አቤቱታ የተሻለ ይሰማል።

መንገድ ላይ የሚያስቱ ነገሮች አሉ። ዩኤስዲቲ የሚል ስም ያላቸው ሐሰተኛ ቶክኖች ይገቡልዎታል፤ ትሮንስካን የማረጋገጫ ምልክት ካላደረገበት አይቁጠሩት። የ0 ወይም የ0.001 ዝውውሮችም ይታያሉ። እነዚህ የሚመጡት የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቸው ከትክክለኛው አድራሻ ጋር እንዲመሳሰል ተደርገው ከተሠሩ አድራሻዎች ነው፤ ዓላማቸው ሰው ከታሪክ ዝርዝሩ ላይ የተሳሳተውን ቀድቶ እንዲልክ ነው። ስለዚህ አድራሻ ስታነጻጽሩ መሀሉንም አንብቡ። ዩኤስዲቲው መለዋወጫ ኮንትራት (አንዱን ኮይን በሌላ የሚለውጥ ፕሮግራም) ውስጥ ከገባ ደግሞ በዚያው ሃሽ ውስጥ በምን ተለውጦ እንደወጣ ይታያል። በብሪጅ ወደ ሌላ ኔትወርክ ከተሻገረ መጠኑንና ሰዓቱን አመሳስሎ በዚያኛው ወገን መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይቀራል።

የኤክስቼንጅ ማስገቢያ አድራሻ የሚታወቅበት ጠባይ አለው። ገንዘብ ገብቶበት ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ከሌላ ቦታ ትንሽ ቲአርኤክስ ወይም ኢነርጂ (የትሮን ዝውውር ክፍያን የሚሸፍን አቅም) ይመጣለታል፣ ያለው ዩኤስዲቲ እስከ መጨረሻዋ ተጠርጎ እጅግ ብዙ ግብይት ወዳለው ትልቅ አድራሻ ይሄዳል። ትልቁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የኤክስቼንጁ ስም ተለጥፏል። ስሙ ትሮንስካን ላይ ከሌለ አርክሃም የተባለው የአድራሻ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈልጉ። እዚያ ሲደርሱ ይቁሙ። ከትልቁ አድራሻ የሚወጣው ገንዘብ የሌሎች ደንበኞች ነው፤ እሱን መከተል ንጹሕ ሰው መወንጀል ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከትልቁ አንድ እርምጃ በፊት ያለው አድራሻ ነው። ያ አድራሻ ለአንድ ደንበኛ የተሰጠ ነው፤ ደንበኛውም መታወቂያ አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኋላም ይዩ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ትሮን ላይ አዲስ አድራሻ ሥራ የሚጀምረው ሌላ ሰው ቲአርኤክስ ሲልክለት ነው። ለሌባው አድራሻ የመጀመሪያውን ቲአርኤክስ ማን ላከለት? ከኤክስቼንጅ የወጣ ከሆነ ሌባው እዚያ አካውንት አለው ማለት ነው፤ የዘረፈውን ገንዘብ ሲደብቅ የተጠነቀቀ ሌባ የማንቀሳቀሻዋን 20 ቲአርኤክስ ሲገዛ ይዘናጋል። ኢነርጂ የሚያከራይ አገልግሎት የላከው ከሆነ ግን ብዙ አይነግርዎትም።

ገንዘቡ ዩኤስዲቲ ሆኖ የግል አድራሻ ላይ ከተቀመጠ ሊያግደው የሚችለው አውጪው ድርጅት ቴዘር ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው በዋናነት የሕግ አስከባሪ ሲጠይቀው ነው። ቴዘር፣ ትሮንና ቲአርኤም ላብስ የተባለው የክሪፕቶ ዱካ ፈላጊ ድርጅት ለዚህ ሥራ በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ቲ3 የተባለ የጋራ ክፍል አቋቁመዋል። ሌባው ወደ ቲአርኤክስ ከለወጠው ግን የሚያግድ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውድ የሆኑት ለዚህ ነው።

ኤክስቼንጁ ላይ ከደረሱ በደንበኞች አገልግሎቱ በኩል ወዲያውኑ ይጻፉ፦ ሃሾቹ በሙሉ፣ ማስገቢያው አድራሻ፣ መጠን፣ ሰዓት በዩቲሲ። በስክሪንሻት ሳይሆን ተቀድቶ በሚለጠፍ ጽሑፍ ይሁን። የሚያገኙት ምላሽ «ፖሊስ ይጠይቀን» የሚል ሊሆን ይችላል፤ አይናደዱ። የአቤቱታውን መለያ (ትኬት) ቁጥር ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ፤ መርማሪው ኤክስቼንጁ ለሕግ አስከባሪዎች ባዘጋጀው መንገድ መጠየቅ ይችላል።

ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ሁሉንም አትመው ይውሰዱ። ቃል በእጅ ሲጻፍ ባለ 34 ፊደሉ የትሮን አድራሻ መበላሸቱ አይቀርም፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያየ ነው። ለማረም የሚረዳ አንድ ነገር፦ በትሮን አድራሻ ውስጥ ዜሮ፣ ትልቁ «ኦ»፣ ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» ፈጽሞ አይገቡም። በሃሽ ውስጥ ግን ዜሮ አለ፣ «ኦ» የለም። ከአድራሻው ጎን ኪውአር ኮዱንም ያትሙ።

ጥያቄ፦ የጠፋብኝን ቢትኮይን በተመለከተ አንድ ቦታ ጽፌ ነበር። በማግስቱ አንድ «የብሎክቼይን መርማሪ» አገኘኝ። ገንዘቡን እንዳገኘው፣ እንደቆለፈው፣ ለማስለቀቂያ 300 ዶላር በዩኤስዲቲ መክፈል እንዳለብኝ ነገረኝ። የዋሌቱን ሥዕልም ልኮልኛል፤ የኔ ገንዘብ ነው። ልክፈል? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይክፈሉ። የዋሌቱን ሥዕል እኛም ልንልክልዎ እንችላለን፤ ማንም ሰው የማንንም አድራሻ ከፍቶ ማየት ይችላል። ቢትኮይን ላይ ደግሞ «ቆለፍኩት» የሚባል ነገር የለም። አውጪ ድርጅት ስለሌለው የማገድ ሥልጣን ያለው የለም፤ የሚታገደው ኤክስቼንጅ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፣ ያንንም የሚያደርገው ኤክስቼንጁ እንጂ መርማሪ አይደለም። ቼይናሊሲስን የመሰሉ ትክክለኛ ድርጅቶች የሚሸጡት መረጃና ሪፖርት ነው። ቁልፍ የላቸውም፣ ገንዘብ ጎትተው አያወጡም፣ በቴሌግራም መጀመሪያ እነሱ አይጽፉልዎትም።

300ውን ቢከፍሉ ቀጥሎ «የግብር» 500 ይመጣል። 12ቱን ቃላት ከጠየቀዎት ደግሞ የተረፈዎትንም ሊወስድ ነው። የከፈሉ ካሉ የከፈሉበትን አድራሻ ዱካ ውስጥ አስገብተው አብረው ያቅርቡ፤ ከመጀመሪያው ሌባ ጋር አንድ ቦታ ሲገናኝ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ 500 ዩኤስዲቲ በፒቱፒ (በኤክስቼንጅ አማካይነት ሰው ለሰው በሚደረግ ሽያጭ) ሸጥኩ። ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ ዩኤስዲቲውን ለገዢው ለቀቅኩለት። በኋላ ሳየው ሂሳቤ ላይ ምንም አልገባም። ትሮንስካን ላይ ፈልጌ ሃሽ አጣሁ። ፖሊስ ጋ ብሄድስ ራሴን አላስይዝም? ክሪፕቶ አይፈቀድም ይባላል። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ሃሽ ያጡት ስለሌለ ነው። በፒቱፒ ሲለቁ ገንዘቡ ከእርስዎ አካውንት ወደ ገዢው አካውንት የሚሸጋገረው በኤክስቼንጁ የውስጥ መዝገብ ላይ ነው፤ ብሎክቼይን ላይ ምንም አይጻፍም። ብሎክቼይን ላይ የሚታየው ገዢው ወደ ውጭ ሲያወጣው ነው፤ ያንን አድራሻ የሚያውቀው ኤክስቼንጁ ብቻ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሃሽ የትዕዛዝ ቁጥሩ ነው። ከሱ ጋር የገዢውን መጠሪያና በማንነት ማረጋገጫ የተመዘገበውን ስም፣ የቻቱን ሙሉ ገጽ፣ የለቀቁበትን ደቂቃ ይያዙ። ቅሬታውን በዚያው ትዕዛዝ ውስጥ ያስገቡ፤ ቻቱን አይሰርዙ። ገዢው ገና ካላወጣው የመያዝ ዕድል አለ። ከመልቀቅዎ በፊት ቢሆን ኖሮ ዩኤስዲቲው በኤክስቼንጁ እጅ ታግዶ ይቆይ ነበር።

ሐሰተኛውን መልእክት ከስልክዎ አያጥፉ። የላኪው ስም እንደ ባንክ ሆኖ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ስሙን ማስመሰል ይቻላል። ለወደፊቱ መልእክት አይመኑ፤ ሂሳብዎን ከፍተው ቀሪውን ይዩ። ቴሌብር ከሆነ *127# ደውለው ማየት ይችላሉ፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰፈር አፑ እስኪከፍት ገዢው «ቶሎ በል» እያለ ያጣድፋል፣ ያጣድፍ። ገንዘቡ በትክክል ቢገባም የላኪው ስም ፒቱፒው ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ገንዘቡን መልሰው ትዕዛዙን ይሰርዙ እንጂ ዩኤስዲቲውን አይልቀቁ። ከተሰረቀ ሂሳብ የመጣ ብር ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ የሚታገደው የእርስዎ ሂሳብ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፦ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕጋዊ አለመሆኑን አሳስቧል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትንና በኮምፒውተር ማታለልን ይቀጣል። ስለዚህ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ የአንድ ሰዓት ምክር ከሚጠፋው 500 ጋር አይወዳደርም። አንድ ነገር ግን አያድርጉ፦ «ስልክ ሸጬ ነው» ዓይነት ታሪክ አይፍጠሩ። ኤክስቼንጁ የሚልከው መዝገብ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ ተጎጂው ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የተወሰደብኝን ቢትኮይን ስከተል አንዱ ግብይት ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። 0.05 የነበረው 0.018 ወደ አንድ አድራሻ፣ 0.0319 ወደ ሌላ አድራሻ ሆነ። ሌባው ሁለት ሰዎች ናቸው ማለት ነው? የትኛውን ልከተል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ በአብዛኛው አንድ ሰው ነው። ቢትኮይን እንደ ባንክ ሂሳብ ሳይሆን እንደ ብር ኖት ነው የሚሠራው። ሱቅ ገብተው የ130 ብር ዕቃ በ200 ብር ኖት ሲገዙ ኖቱን አይቀዱትም፤ ሙሉውን ሰጥተው 70 ብር መልስ ይቀበላሉ። ቢትኮይንም 0.05ውን ሙሉ ያወጣና ክፍያውን ይከፍላል፣ መልሱን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ለመልሱ አዲስ አድራሻ መከፈቱ ነው። የጎደለችው 0.0001 ግብይቱን መዝገቡ ላይ ለሚያሰፍሩት፣ «ማዕድን አውጪዎች» ለሚባሉት፣ የሚከፈል ክፍያ ናት።

መልሱ የትኛው ነው? ክብ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ክፍያ ነው፣ የተቆራረጠው መልስ፤ እዚህ 0.018 ክፍያ፣ 0.0319 መልስ ይመስላል። ሁለተኛው ምልክት የአድራሻው ዓይነት ነው። የላኪው አድራሻ «ቢሲ1» ብሎ የሚጀምር ከሆነና ከተቀባዮቹ አንዱ እንደዚያው፣ ሌላው በ3 የሚጀምር ከሆነ መልሱ ላኪውን የሚመስለው ነው። ሦስተኛ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቀው አድራሻ መልስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስቱም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ሠንጠረዡ ላይ «ይመስላል» ብለው ይጻፉ።

በአንድ ግብይት ብዙ አድራሻዎች አብረው ገንዘብ ካወጡ የአንድ ሰው ናቸው ተብሎ ይታሰባል፤ ሁሉም ቁልፎች በአንድ እጅ መሆን አለባቸውና። ይህ ግምት ግን ኮይንጆይን ላይ ይፈርሳል። ብዙ ሰው ገንዘቡን አንድ ላይ ያስገባና ትክክል እኩል መጠን ያላቸው ብዙ ውጤቶች ይወጣሉ። ለምሳሌ 40 እኩል ውጤት ካዩ እዚያ ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚስሉት መስመር ሁሉ ግምት ነው።

ሆኖም ሠንጠረዡን አይጣሉ። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ቢትፊኔክስ ከተባለው ኤክስቼንጅ 119,754 ቢትኮይን ተዘርፎ ነበር፤ የአሜሪካ መርማሪዎች ከ94,000 በላይ የሆነውን የያዙት በየካቲት 2022 ነው። ያም የሆነው ዱካው ቁልፎቹ ወደተቀመጡበት የኢንተርኔት ፋይል ስላደረሳቸው ነው። በሌላ በኩል በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ባይቢት ከተባለው ኤክስቼንጅ ተዘርፎ የወጣው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገንዘብ ዓለም ሁሉ እያየው ነው የተንቀሳቀሰው፤ አብዛኛው ግን አልተመለሰም። ማየትና መያዝ የተለያዩ መሆናቸውን ለሚጠራጠር ሁለቱ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ግሩፕ ላይ በስህተት 12 ቃላት ለጠፈ። ዋሌቱን ከፈትኩት፣ 3,000 ዩኤስዲቲ አለው፣ ቲአርኤክስ ግን የለውም። 25 ቲአርኤክስ ልኬ ላወጣ ስል እንቢ አለ። ቲአርኤክሱስ የት ሄደ? (ከፉሪ)

መልስ፦ በስህተት አልለጠፈም። ዋሌቱ ወጥመድ ነው። ትሮን ላይ የአድራሻን ባለቤትነት ለሌላ አድራሻ አሳልፎ መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ 12ቱ ቃላት በእጅዎ ቢሆኑም ፊርማዎ አይቆጠርም። አድራሻውን ትሮንስካን ላይ ከፍተው የፈቃድ ዝርዝሩን ይዩ፤ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሌላ አድራሻ ነው። 3,000ው ማጥመጃ ነው፤ የሚታደነው የሚላከው ቲአርኤክስ ነው፣ እንደገባ ይጠረጋል። በሌላኛው ዓይነት ወጥመድ ባለቤትነቱ አልተላለፈም፤ ፕሮግራም ብቻ ይጠብቃል፣ ውጤቱ ግን ያው ነው።

25 ቲአርኤክሱን ይርሱት። የሰው ገንዘብ ለማውጣት ሞክረዋልና አቤቱታ ማቅረቡም የሚያዋጣ አይደለም። ይልቅ ያንን ዋሌት የከፈቱት የራስዎ ገንዘብ ባለበት አፕ ውስጥ ከሆነ ከዝርዝሩ ያስወጡት፤ አንድ ቀን በችኮላ ከሱ ላይ የመቀበያ አድራሻ ቀድተው ለደንበኛ የሚልኩ አሉ።